በእርሳስ የተሳለ ቤተሰብ

ነርሷ ነጭ ወረቀትና እርሳስ አውጥታ «እስቲ አሁን ቤተሰባችሁን እንሳል» ስትል የእታለማሁ ልብ ድንግጥ አለ፤ ያውም ተከፍቶ ከተሰፋ ገና ስድስተኛ ሳምንቱ ነበር።

ሴትየዋ ፈሪ ሆና አይደለም። ለንደን፣ ሆሎዌይ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት አሥራ አራት ዓመት ሠርታለች፤ ሦስት መቶ ልጅ በአንዴ ሲንጫጫ ድምጿን ሳታሰማ በዓይኗ ብቻ ጸጥ የምታሰኝ ናት። ደረቷን ሰንጥቀው ልቧን ለጊዜው ሊያቆሙት እንደሆነ ሲነግሯት እንኳ «እሱ ያውቃል» ብላ ፈርማ ነው የገባችው። የፈራችው እርሳሱን ነው። ቤተሰቧን በወረቀት ላይ ስታሰፍር ይህ ሁለተኛዋ ነበር። የመጀመሪያውን ያሰፈረችው ከዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት በፊት ክሮይደን፣ ስደተኛ ቃሉን በሚሰጥበት ረጅም ሕንፃ ውስጥ ነው። ያን ቀን ከአፏ ከወጣው ሁሉ እውነቱ ስሟና የተወለደችበት ከተማ ብቻ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በሽታው የተገኘው በየካቲት ማብቂያ ነው። ጾሙ በገባ በሳምንቱ ከምድጃው ትሪ ልታወጣ ጎንበስ ብላ ቀና ስትል ዓይኗ ጨለመባትና ተዘረረች። የአምቡላንስ ሠራተኞቹ ሲመጡ «ምንም አይደል፣ ጾሙ ነው» አለቻቸው። እነሱ ጾም የሚባል በሽታ ስለማያውቁ ይዘዋት ሄዱ። ሆስፒታል ውስጥ ደረቷ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት ቀብታ የአልትራሳውንዱን መሣሪያ የምታንሸራትተው ልጅ ስለ አየሩ ስታወራ ቆይታ በመሃል ዝም አለች። ዝምታዋ እታለማሁን አላማራትም። ዞር ብላ ስክሪኑን ስታይ፣ ከልቧ የግራ ክፍል ውስጥ እንቁላል የሚያህል ነገር በቀጭን እግር ተንጠልጥሎ፣ ልቧ በመታ ቁጥር እንደ ቃጭል ምላስ ወዲህና ወዲያ ይላል። የረጋ ደም ይሁን፣ ኢንፌክሽን ይሁን፣ ዕጢ ይሁን ለመለየት ሁለት ቀን ፈጀባቸው። ሌላ ማሽን ውስጥ ካስገቧት በኋላ ዕጢ ነው አሉ። ስትጎነብስ የልቧን በር ይደፍነዋል፤ ያኔ ደሙ መንገድ ያጣል፣ እሷም ትወድቃለች። ቁራጩ ተበጥሶ ወደ ጭንቅላት ቢወጣ ደግሞ ሽባ ያደርጋል። በሳምንቱ አወጡላት። ካንሰርም አልነበረም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ካለፈ፣ ፋሲካም ከዋለ በኋላ ነው፣ ውጤቷን ልትሰማ ስትቀርብ ነርሷ እርሳስ ያወጣችው። አጠገቧ ልጇ ሶልያና ተቀምጣለች። ሶልያና ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ዋይት ሲቲ ካለው ትልቅ የገበያ ማዕከል ሽቶና ሊፕስቲክ ትሸጣለች። ከሥራ በቀጥታ ስለመጣች ከንፈሯ ወፍራም ቀይ ተቀብቷል። እታለማሁ ለሥራ የሚበቃ እንግሊዝኛ አላት፤ የሐኪም እንግሊዝኛ ሲሆን ግን የምትተረጉመው ልጅቷ ናት።

«ሴት ክብ ናት፣ ወንድ አራት ማዕዘን ነው፣ የሞተ ሰው ላይ ሰረዝ እናደርጋለን» አለች ነርሷ። «አንቺ እዚህ ነሽ። ልጅሽ ከሥርሽ። ባለቤትሽስ?»

ሶልያና መተርጎሙንም አልጠበቀች። «አባቴ ሞቷል» አለች አገጯን ቀና አድርጋ። «እስር ቤት ነው የሞተው። ከምርጫው በኋላ፣ ደብድበውት።»

ነርሷ «አዝናለሁ» ብላ አራት ማዕዘኑ ላይ ሰረዝ አደረገች። በዱላ የሞተ ሰው ለልብ ሐኪም የሚነግረው ነገር የለም።

«እህት ወይም ወንድም?»

«ማሚ፣ ሲብሊንግ አለሽ ወይ እያለች ነው።»

«የለኝም» አለች እታለማሁ። ክሮይደንም ላይ ያለችው ይህንኑ ነው፤ ሁለት ቦታ የተለያየ ቃል የሰጠ ሰው ምን እንደሚገጥመው ደግሞ በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሲወራ ሰምታለች።

ትንሽ ቆይታ ሐኪሟ ገባች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ስትናገር የሰው እጅ የምትይዝ ሴት ናት። በትንሽ ባትሪ የእታለማሁን ከንፈርና የዐይን ቆብ አብርታ አየች። እዚያ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ ጥቁር ነጠብጣቦች አሉ።

«እነዚህ ከመቼ ጀምሮ ናቸው?»

«ከልጅነቴ። ማርያም የሳመችኝ ናቸው።»

ሶልያና ሳቅ ብላ ተረጎመች። ሐኪሟም ፈገግ አለች፤ ግን ወዲያው አልተወችውም። ከንፈሯን አየች፣ ወረቀቱን አየች፣ እንደገና ከንፈሯን አየች። እንዲህ ያለ ነጠብጣብና እንዲህ ያለ የልብ ዕጢ አብረው በዘር የሚወርዱባቸው ቤተሰቦች አሉ፣ አለች። እንዲያ ሲሆን ግን ከዘመድ መካከል በወጣትነቱ ሳይታሰብ የወደቀ ሰው አይጠፋም። የእናንተ ወረቀት ንጹሕ ነው፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ነጠብጣብ ብርቅ አይደለም።

«እንዲሁ የመጣ ነው፣ በዘር አይደለም» አለች በመጨረሻ የእታለማሁን እጅ ይዛ። «ልጅሽን አያሰጋትም።»

ከሶልያና ሊፕስቲክ ሥር ያው ነጠብጣብ እንዳለ ማንም አላየም። እታለማሁም በዚያ ሰዓት ያሰበችው ውሸቷ አለመነቃቱን ብቻ ነው። ተመስገን ብላ ወጣች።

እውነቱ ይህ ነው። በሰረዝ የተገደለው አራት ማዕዘን፣ መኩሪያ፣ ባሏ ሳይሆን ወንድሟ ነበር። አዲስ አበባ፣ ሳሪስ፣ ጎማ የሚለጥፍ ጎሚስታ። እንኳን ለፖለቲካ ሊታሰር፣ በምርጫው ዕለት ከአንድ ታክሲ ጎማ ጋር ሲታገል ውሎ ድምፁን ሳይሰጥ የቀረ ሰው ነው። ሶልያና የእሱ ልጅ ናት፤ እናቷ በወለደቻት በወሩ ሞታለች። በሐምሌ 1997፣ አገር በታመሰበት ሰሞን፣ መኩሪያ ጎማ ሊያነሣ ጎንበስ ብሎ ቀና ሲል ወደቀ፤ አልተነሣም። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር። ሰፈርተኛው «ምች ነው» አለ፤ ተቀበረ። የሁለት ዓመት ልጁን እታለማሁ አዘለች፤ አዝላትም ስደት ወጣች።

መንገድ ላይ የገጠሟት አዋቂ ነን ባዮች «ለአክስትና ለወንድም ልጅ ማንም አያዝንም፤ እናትና ልጅ ሁኑ» ብለው መከሯት። ፎቶም ነበራት፤ በሶልያና ክርስትና ዕለት እህትና ወንድም ጎን ለጎን ቆመው ሕፃኗን ታቅፈው የተነሡት። ማንም ቢያየው ባልና ሚስት ይላል። ክሮይደን ውስጥ ደግሞ ሰው ዝም ብሎ ወድቆ መሞት አይችልም፤ ገዳይ ያስፈልገዋል። ስለዚህ መኩሪያን አሳሰረችው፣ አስደበደበችው፣ አስገደለችው። ቃሏን የሚቀበለው ሰውዬ የሁለቱን ከንፈር አየት አየት አድርጎ ሳቀ። ሕፃኗንም ማርያም እዚያው ቦታ ስማታለች፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? ወረቀት ሰጣቸው።

በዚህ ቢያበቃ ባልከፋ። ሶልያና ግን ያልነበረውን አባቷን ወደደችው። ፎቶውን አሳድጋ ከአልጋዋ በላይ ሰቀለች፤ ትምህርት ቤት ስለ እሱ ጽፋ ተሸለመች፤ «የኔ አባት ለድምፁ የሞተ ነው» ትላለች። እታለማሁ በየዓመቱ ልንገራት ትልና በየዓመቱ «ትንሽ ትደግ» ትላለች። ልጅቷ አድጋ አለቀች።

የሐኪሟ ደብዳቤ በግንቦት አጋማሽ በፖስታ መጣ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲመጣ የሆሎዌይ ሐበሻ የሚሮጠው ወደ ጋሽ ሃብተስላሴ ነው። አስመራ በአማርኛ ተምረው በድሬሰርነት የሠሩ፣ እዚህም የሆስፒታል በሽተኛ ሲገፉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት ከአርባ ሦስት ቁጥር አውቶቡስ ፌርማታ ፊት ለፊት ካለች ካፌ ሻያቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። እታለማሁ ደብዳቤውን ለልጇ ማስነበብ ትችል ነበር። አላስነበበችም።

«እንኳን ደስ ያለሽ፣ እታለም» አሉ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው። «ሁሉም ደህና ነው። ስሚ፦ ‹ከወላጅ ወይም ከእህትና ከወንድም መካከል በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ቢኖር ኖሮ፣ የሥጋ ዘመዶቿ ሁሉ በየዓመቱ ልባቸው እንዲታይ እናዝ ነበር። እንዲህ ያለ ታሪክ ስለሌለ የልጇ ምርመራ አያስፈልግም› ይላል።»

«እንደገና ያንብቡልኝ፣ ጋሼ።»

አነበቡላት። ደብዳቤውን ከእጃቸው ወስዳ አጠፈችው።

«ጋሽ ሃብተስላሴ፣ አንድ ጤነኛ ሰው ጎንበስ ብሎ ቀና ሲል ወድቆ ቢሞት፣ ምች ነው ይባላል?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። «ማነው የሞተው?»

«ወንድ…» አለችና ዋጠችው።

«ቆይ፣ ለኔ አትንገሪኝ» አሉ እጃቸውን አንሥተው። «እኔ በዚህ ከተማ የሰው ወረቀት አልጠይቅም። ለሐኪሟ ግን ንገሪያት። ዛሬውኑ ንገሪያት።»

«ለክሮይደን ብትነግርብኝስ? ፓስፖርታቸውን የተነጠቁ አሉ ሲባል እርስዎስ አልሰሙም? እኔስ እሺ፣ ልጅቷን ወዴት ይመልሷታል?»

«ሐኪም ለክሮይደን አይጽፍም ብዬ ነው የማስበው። ይማሉልኝ ካልሽኝ ግን አልምልልሽም።»

እዚህ ላይ «ታዲያ ምን ትጠብቃለች?» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ያለውም ልክ ነው። ግን ሰው ሁልጊዜ ከሁለት እሳት መሃል ሦስተኛ መንገድ ይፈልጋል፤ እታለማሁም ፈለገች። እውነቱን ሳትናገር ልጅቷን ማስመርመር። ጂፒው፣ የሰፈሩ ሐኪም ዘንድ ደወለች፤ ስልክ የምታነሣው ሴት «ልጅሽ አዋቂ ናት፣ ራሷ ትደውል» ብላ ዘጋችባት። ማታ ሶልያና ከሥራ ስትገባ እራት አቅርባ ጠበቀቻት።

«ሶሊዬ፣ ልብሽን ቼክ አስደርጊ።»

«ኦ ማሚ! ዶክተሯ እኮ አያሰጋትም ብላለች። ፕሊስ፣ ስቶፕ ዎሪዪንግ።»

«ለኔ ብለሽ። ኢኮ የሚሉት አልትራሳውንድ ነው፣ አያምም።»

«ምን ብዬ አፕላይ ላድርግ? ሪዝንሽ ምንድነው ሲሉኝ፣ እናቴ ፈርታለች ልበል?»

ሪዝኑን የምታውቀው እታለማሁ ሳህን አንሥታ ወጥ ማውጣት ጀመረች። ሶልያና ጫማዋን እያወለቀች «ባይዘዌይ፣ ዛሬ ሊፍቱ ተበላሽቶ ደረጃውን ስወጣ አዙሮኝ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስለምውል ነው» አለችና ወደ ክፍሏ ገባች። እታለማሁ ሳህኑን እንደያዘች ቀረች።

በማግስቱ ትነግራት ነበር፤ በእግዜር ስም ምላ ነበር። ግን የሰኔው መታሰቢያ ደረሰ። በሰሜን ለንደን ያሉ ሰዎች ከምርጫ 97 በኋላ ያለፉትን በየዓመቱ በሰኔ ወር አንድ አዳራሽ ተከራይተው ያስባሉ፤ ዘንድሮ ስለ አባቷ እንድትናገር ሶልያናን ጠየቋት። ልጅቷ በደስታና በፍርሃት እንቅልፍ አጣች። አማርኛ መጻፍ ስለማትችል ንግግሯን በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፋ መታጠቢያ ቤት መስታወት ፊት ትለማመዳለች፤ ቃል ሲያቅታት እናቷን ትጠይቃለች። «ማሚ፣ ‹ሳክሪፋይስ› በአማርኛ ምንድነው?» «መሥዋዕትነት።» እንዲህ ያለችን ልጅ እንዴት አድርጎ ሰው፣ አባትሽ ጎሚስታ ነበር፣ አልመረጠምም፣ እኔም እናትሽ አይደለሁም ይላታል? መታሰቢያው ይለፍና ሰኞ፣ አለች እታለማሁ። ይህን ያህል ዘመን የቆየ ሦስት ሳምንት ቢቆይ ምን ይመጣል አለች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። መድረኩ ላይ በተደረደሩት ፎቶዎች መካከል መኩሪያም በሶልያና ክርስትና ዕለት ፈገግታው ቆሟል፤ ከፊቱ ሻማ በርቶለታል። እታለማሁ ጥቁር ለብሳ ሦስተኛው ረድፍ ላይ እንደ መበለት ተቀምጣለች። አንገቷን አቀርቅራ የወንድሟን ዓይን ላለማየት ታገለች።

ሶልያና ነጭ ቀሚስ ለብሳ ወጣች። «አባቴን አላስታውሰውም» ብላ ጀመረች፤ አዳራሹ ወዲያው ጸጥ አለ። ጥሩ አድርጋ ሄደች። ስለ ፎቶው ተናገረች፣ ስለ እናቷ ብቻዋን ማሳደግ ተናገረች። ወረቀቱ ከእጇ አምልጦ ወደቀና ጎንበስ ብላ አንሥታ ቀና አለች። «አባቴ…» አለች። «አባቴ መሥ… መሥ…» ቀኝ እጇ ተንጠለጠለ፤ ወረቀቱም ዳግመኛ ወደቀ። አፏ ይንቀሳቀሳል፣ የሚወጣው ግን ቃል አይደለም።

አዳራሹ ኀዘን የተናነቃት መሰለው። ማን ምን ያድርግ? እኛ ዘንድ የሟች ልጅ ቆማ ቃል ሲያጥራት ሰው ያለቅሳል እንጂ ሐኪም አይጠራም። አንዲት አሮጊት ከኋላ «አልቅሺ የኔ ልጅ፣ ይውጣልሽ!» አሉ። ሴቶቹ ደረታቸውን ይዘው ተንሰቀሰቁ፤ ወንዶቹ አንገታቸውን ደፉ፤ አስተናባሪው «እባካችሁ ለሰማዕታቱ ሁላችንም እንነሣ» አለ፤ አዳራሹ በሙሉ ቆመ።

እታለማሁ የልጇ አፍ በአንድ በኩል ወደ ታች ሲሳብ አየች። ጮኸች። ወደ መድረኩ ልትሮጥ ስትል ግራና ቀኝ ያሉት ያዟት። «ደግፏት፣ ደግፏት፣ ባሏ ትዝ ብሏት ነው!»

«ልቀቁኝ! ልቧ ነው! አምቡላንስ ጥሩ!»

«አይዞሽ፣ አይዞሽ፣ እታለም፣ እሱ ያለው በአብርሃም እቅፍ ነው።»

በታገለች ቁጥር አጥብቀው ያዟት፤ ለቅሶ ላይ ራሱን ሊጥል የሚታገልን ሰው መያዝ ደግሞ ወግ ነው። አንዷ ውኃ ረጨችባት። ሶልያና ተናጋሪው የሚቆምበትን ጠረጴዛ ይዛ ቀስ እያለች ተንሸራተተችና መሬት ላይ ተቀመጠች፤ እሷንም ሁለት ሴቶች አቅፈው አባበሏት። አንድ ሰው ጠጋ ብሎ ፊቷን አይቶ ስልክ እስኪያወጣ ድረስ ሩብ ሰዓት ሄዷል። እታለማሁ ዛሬም እነዚያን ሰዎች አትወቅስም። ያደረጉት ሁሉ እሷ የነገረቻቸውን አምነው ነው።

ሆስፒታል ውስጥ በጭኗ በኩል ቀጭን ሽቦ አስገብተው ከጭንቅላቷ ደም ሥር የተቻላቸውን አወጡ። ያወጡት የረጋ ደም ሳይሆን ከዕጢ የተቦጨቀ ቁራጭ ነበር። ልቧን በአልትራሳውንድ ሲያዩት የቀረው እዚያው ይወዛወዛል። ቀኝ እጇና ንግግሯ ተያይዘው ሄደዋል።

በሦስተኛው ቀን ያቺ ረጅም ሐኪም መጣች። ሶልያና ዓይኗን ጨፍናለች። ሐኪሟ ወንበር ስባ ተቀመጠችና የእታለማሁን እጅ ያዘች።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አለች። «ከንፈርሽን አይቼ ማለፍ አልነበረብኝም። በዘር አይደለም ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ስሕተቱን ራሴ ለአለቆቼ ጽፌ ሰጥቻለሁ፤ ይመረመራል። ነገ ቀዶ ጥገና አላት። አንድ ነገር ግን ማወቅ አለብን። ከቤተሰብሽ ሌላ ሰው በዚህ ሞቶ ከሆነ ዕጢው አንድ ቦታ ብቻ ላይሆን ስለሚችል፣ የልቧን አራቱንም ክፍል ከፍተን እናያለን። በእርግጥ ማንም የለም?»

ይህች ደግ ሴት ለእሷ ውሸት ይቅርታ ስትጠይቅ እታለማሁ መሸከም አቃታት። ዞር ብላ አልጋውን አየች፤ ልጅቷ ተኝታለች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ ሁሉንም ተናገረች፤ ጎማውን፣ ምቹን፣ ፎቶውን፣ ክሮይደንን። «ማዘር አይደለሁም፤ አክስት ነኝ» አለች። «ያንቺ ጥፋት አይደለም። ወረቀቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

ሐኪሟ ያንን የቤተሰብ ወረቀት ከፋይሉ አውጥታ፣ የመኩሪያን አራት ማዕዘን ከባልነት ወደ ወንድምነት አዛወረች። ሶልያናን ከእታለማሁ ሥር አጥፍታ ከእሱ ሥር ሳለቻት። ከእታለማሁ ክብ ሥር ምንም አልቀረም።

«ክሮይደን ይሄዳል?» አለች እታለማሁ።

«ይህ? አይሄድም። የሕክምና ወረቀት ነው» አለች ሐኪሟ፣ ጥያቄው እየገረማት።

እንዲህ ቀላል ነበር። እታለማሁ ራሷን ከግድግዳው ጋር ብታላትም በወደደች። ወንበሯን ስታዞር ሶልያና ዓይኗን ገልጣ ጣሪያውን ታያለች። ከመቼ ጀምሮ እንደገለጠችው አይታወቅም።

«ሰምታለች?» አለች እታለማሁ።

«የተጎዳው የጭንቅላቷ ክፍል ቋንቋን የሚመራው ነው» አለች ሐኪሟ። «ምናልባት ሰምታም አይገባት ይሆናል። አሁን ማወቅ አይቻልም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ እታለማሁ የምትጸልየው ጸሎት ለማንም የሚነገር አልነበረም። እናት ለልጇ አእምሮ ታማልዳለች፤ እሷ ግን ልጅቷ እንዳይገባት ለመነች። የሰማችው ሁሉ ጫጫታ ሆኖ እንዲያልፍ ለመነች። እንዲህ ብላ በለመነች ቁጥር ራሷን ትጸየፋለች፤ ተጸይፋም ትለምናለች።

ቀዶ ጥገናው ተሳካ። አራቱንም ክፍል ከፍተው ሌሎች ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች አገኙ፤ የመኩሪያ ስም ባይነሣ አይገኙም ነበር። ልቧ ደህና ሆነ። የሄደው ንግግር ግን አልተመለሰም፤ ሐኪሞቹም ከእንግዲህ ብዙ እንዳትጠብቅ ለእታለማሁ በጨዋ ቃል ነገሯት። ጋሽ ሃብተስላሴ ሊጠይቁ መጥተው፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው እያዞሩ ብዙ ተቀምጠው ሄዱ። እታለማሁ በየቀኑ ታጥባታለች፣ ጸጉሯን ትሠራለች፣ በማንኪያ ታጎርሳታለች። ሶልያና ትጎርሳለች፤ ዓይኗን ግን አትሰጣትም። የበሽታው ነው፣ ትላለች እታለማሁ ለራሷ።

በነሐሴ መጀመሪያ ንግግር የምታለማምድ ወጣት ባለሙያ መጣች። ደስተኛ ናት፤ ሥዕልና ቃል ያለበት ሰፊ ሰሌዳ በሶልያና ጭን ላይ ዘረጋች። እናት፣ አባት፣ እህት፣ አክስት፣ ጓደኛ፣ ነርስ፤ እያንዳንዱ ከነሥዕሉ ተጽፏል። መጀመሪያ ጽዋ የቱ ነው፣ አልጋ የቱ ነው እያለች በሌላ ሰሌዳ ጠየቀቻት፤ ሶልያና በግራ ጣቷ ሁሉንም በትክክል አሳየች። እታለማሁ ይህን እያየች ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበች።

«ጎበዝ!» አለች ባለሙያዋ። «አሁን ደግሞ፣ ይህቺ አጠገብሽ የተቀመጠችው፣ በየቀኑ የምትመጣው፣ ማን ናት?»

ሶልያና ከብዙ ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እታለማሁን ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ጣቷን ወደ ሰሌዳው አወረደች። ‹እናት› ላይ ደረሰች፤ አልቆመችም። ‹አክስት› ላይ ሄዳ ቆመች።

«ኦ፣ ተቃርበሻል!» አለች ባለሙያዋ። ወደ እታለማሁም ዞር ብላ «አይክፋሽ፣ ተቀራራቢ ቃላት ይደበላለቁባቸዋል፤ የተለመደ ነው» አለቻትና የልጅቷን ጣት በቀስታ ይዛ ‹እናት› ላይ አስቀመጠችላት።

ሶልያና ጣቷን አስለቅቃ መልሳ ‹አክስት› ላይ አደረገችው፤ ጫን አድርጋ።

«ተያት» አለች እታለማሁ። «አልተሳሳተችም።»